የጃክ ጆሮ ኦፕራሲዮን ይደረግ ወይስ ይቅር? እስከ ነገ ጠዋት መልስ እፈልጋለሁ

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ፍጠኑልኝ። ውሻዬ ጃክ ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላቱን ሲያራግፍ አደረ፤ ግድግዳው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተረጭቷል። ሽታው ገና ከበር ነው የሚቀበላችሁ። ዛሬ ጆሮውን ስነካው ሊነክሰኝ ቃጣ፤ እሱ በተፈጥሮው እንዲህ አይደለም። ጠብታ ሲደረግለት ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ይመለሳል። አሁን ሐኪሙ «የጆሮውን ቦይ ሙሉ በሙሉ አውጥተን እንስፋው፣ ነገ ጠዋት ወስነሽ ንገሪኝ» አለኝ። እናቴ ደግሞ «እንስሳውን አታሰቃዪው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ይሰማል ወይ?

ግሽ ዓባይ ሰፈር
ጠብታውን ቀይሪለት። የኛም እንደዚያ ሆኖ በሌላ ጠብታ ድኗል።

ዘጌ መንገድ
ጣና ይዋኛል? የኔ ውሻ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ጆሮው ይታመም ነበር። ከዋኘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ጆሮውን በደንብ ማድረቅ ስጀምር በጣም ቀነሰለት። ውሃው ውስጥ ሲቀር ፈንገሱ ይራባል። የጥጥ እንጨት ግን አታስገቢ፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።

አባ መላ
ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሰው ሕክምና አጥቶ በሚቸገርበት አገር ለውሻ ይህን ሁሉ ገንዘብ? ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ ይበቃዋል።

የሽምብጥ ልጅ
አባባ፣ እኔ የጠየቅሁት ይቆረጥ አይቆረጥ ነው። ቤታችንን የሚጠብቅ ውሻ ነው፣ ሲያለቅስ እያየሁ ዝም ልል አልችልም።

ጎንደር፣ የእንስሳት ሐኪም
እህቴ፣ ዘይት አታድርጊ። ሎሚም አልኮልም አይሆንም። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ የፈሰሰበት ነገር በቀጥታ መሃል ጆሮ ይገባል። ጄንታማይሲን ያለበት ጠብታም ታምቡሩ ሳይታይ መደረግ የለበትም፤ መስማቱንም ሚዛኑንም ሊጎዳ ይችላል። የሰው ማስታገሻም አትስጪው። አይቡፕሮፌን በተለይ ለውሻ አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የውሻ ጆሮ ቦይ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ጠብታው ታች የማይደርሰው። ለረጅም ጊዜ ሲያመረቅዝ ግድግዳው ይወፍራል፣ በመጨረሻም እንደ አጥንት ይደነድናል። እዚያ ከደረሰ መድኃኒት አይመልሰውም፤ ቦዩን ማውጣት ትክክለኛ ሕክምና ነው። ከጆሮው ሥር በጣትሽ ስትጫኚው ቧንቧው ለስላሳ ነው ወይስ ጠጣር? አንድ ጆሮ ነው ወይስ ሁለቱም?

የሽምብጥ ልጅ
ሁለቱም ይታመማል፣ ግራው ግን ይብሳል። ግራው ጠጣር ነው፣ ቀኙ ለስላሳ። ልጫነው ስል ጮኸ፣ ተውኩት።

ጎንደር፣ የእንስሳት ሐኪም
እንግዲያውስ ቀኙን ማንም እንዳይቆርጠው፤ እሱ ገና ይድናል። ለግራው ደግሞ ሐኪሙን ነገ እነዚህን ጠይቂው። ከጆሮው ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ አይቷል? ፈንገስ ነው ባክቴሪያ? ካልቸር (ናሙናውን በላብራቶሪ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት ማየት) ተሠርቷል? አንዳንዱ ባክቴሪያ የተለመደውን መድኃኒት ይቋቋማል። ራጅስ ተነስቷል? ደግሞ ይህን ቀዶ ጥገና ራሱ ሠርቶት ያውቃል? ቦዩ ሲወጣ የመሃል ጆሮው አጥንት ተከፍቶ መጽዳት አለበት። ያ ካልሆነ መግሉ ውስጥ ይቀርና ከወራት በኋላ በሌላ ቦታ ይፈነዳል። የፊት ነርቭ በአጠገቡ ስለሚያልፍ እጅ ያልለመደው ሰው ባይነካው ይመረጣል።

ቢሾፍቱ ያለሁ
የኔ ውሻ ተሠርቶለታል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ዓይኑ አልከደንልህ አለው፤ ነርቭ ተነክቶ ነው። እንዳይደርቅበት ጠብታ ስናደርግለት ቆየንና ተመለሰ። በዚያ ጆሮ አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ግን በፊትም ቦዩ ተደፍኖ እምብዛም አይሰማም ነበር። ሕመሙ ሲሄድለት ግን ሌላ ውሻ ሆነ። እንደ ቡችላ መጫወት ጀመረ።

ድብ አንበሳ
የኛ ውሻ ሁለቱም ጆሮው ጤነኛ ነው፣ ስንጠራው ግን አይመጣም 😄 አይዞሽ፣ ፈጣሪ ይማረው።

ግሽ ዓባይ ሰፈር
አሁንም እላለሁ፣ መጀመሪያ ጠብታውን ቀይሪ።

ዘንዘልማ
ምን እንደምታበሉት ማንም አልጠየቀም! ሁለቱም ጆሮ አብሮ ከታመመ አለርጂን ጠርጥሩ። መዳፉን ይልሳል? ሆዱን ያካል? የአንዱን ጆሮ ቦይ ብታወጡም አለርጂው ካልታከመ ሌላው ጆሮ ይቀጥላል። ከምግብ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ለ8 ሳምንት ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ከድንች ጋር ቀቅላችሁ ስጡት፣ ሌላ ምንም። ቆሮሶ ዓሣ እንዳልል የሐይቅ ዳር ውሻ ዓሣ ያልበላ የት ይገኛል? የፍየል ሥጋ ካልለመደ እሱ ይሆናል። ትርፍራፊ የሚወረውር ጎረቤት ካለ ግን ልፋታችሁ ገደል ገባ።

የሽምብጥ ልጅ
መዳፉን ይልሳል! ሁልጊዜ። ልማዱ ነበር የመሰለኝ።

ጎንደር፣ የእንስሳት ሐኪም
በጣም ጥሩ ፍንጭ ነው፣ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው። ነገ ጠዋት «ይቆረጥ» ወይም «አይቆረጥ» ማለት የለብሽም። ማስታገሻና ምርመራ ጠይቂ። ግራው በእርግጥ ደንድኖ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን አልቃወምም፣ መጓተትም የለበትም። እዚያ ልምድ ያለው ካልተገኘ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ቢሾፍቱ ያለውን ጠይቂ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ተነስታችሁ ትደርሳላችሁ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ግን ነገን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ውሰጂው።

ዘጌ መንገድ
በኮንትራት መኪና ውሻ የሚጭን ሹፌር አውቃለሁ። ጎንደር ከወሰንሽ በውስጥ ጻፊልኝ።