«ከብሬከር በኋላ ያለው የአምራቹ ጉዳይ ነው» ላላችሁት

ባለ ቴስተሩ፦ ትናንት እዚህ ስለ ማሽን የውስጥ ሽቦ ሲወራ አንዱ «ከብሬከር በኋላ ያለው የአምራቹ ጉዳይ ነው» ብሎ ስንቱን አስጨበጨበ። ባለፈው ከቻይና የመጣ የብሎኬት ማሽን ፓኔል ስከፍት አረንጓዴ ሽቦ አየሁ። አብሮኝ ያለው ልጅ ኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) ነው ብሎ ከቦዲው ጋር ሊያስረው ሲል ቴስተሬን ጠጋ አደረግኩ፤ በራ። ፌዝ ነው፣ ኮረንቲ ያለበት! እነሱ ፌዝ የሚለዩት በቢጫ፣ በአረንጓዴና በቀይ ነው። ልጁ ቢሞት የአምራቹ ጉዳይ ነበር?

የቃሊቲው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። የኢትዮጵያው ኢቢሲኤስ 10 የሕንፃ የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ኮድ ነው፤ ርዕሱን አንብብ። ማሽን ሆድ ውስጥ ምን አገባው? እዚያ ያለው የማሽን ኤሌክትሪክ ዓለም አቀፍ ደረጃው፣ አይኢሲ 60204-1 ነው። ቻይናም ጂቢ/ቲ 5226.1 ብላ የራሷ ደረጃ አድርጋ ተቀብላዋለች።

ባለ ቴስተሩ፦ «የአምራቹ ጉዳይ» ነበር ያልከው፤ አሁን የአይኢሲ ሆነ? ያው 60204-1 ከኤርዙ አረንጓዴ-ቢጫ ጋር ሊምታታ በሚችልበት ቦታ አረንጓዴ ብቻውን አትጠቀሙ ይላል። አምራቹ ጥሶታል። ታዲያ የማን ጉዳይ ነው?

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ እኛ ጋ ይሄ ጭቅጭቅ የለም። እስከ ማሽኑ መጋቢ መስመር የአሜሪካው የኢንስታሌሽን ኮድ ኤንኢሲ፣ ከዚያ ወዲያ የማሽን ደረጃው ኤንኤፍፒኤ 79። አረንጓዴ ኤርዝ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ)፣ ፓወር ጥቁር። አለቀ።

መካኒኩ፦ መጣ ዲያስፖራው! እዚህ ኮረንቲው 50 ኸርዝ ነው ጋሼ፣ 60ህን እዚያው ያዝ።

ቨርጂኒያ ያለሁት፦ ኸርዝ ማን አነሳ? ያገለገለ የአሜሪካ ማሽን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። ሰማያዊውን ኒውትራል መስሎህ ስታስረው የዲሲ ኮንትሮል (የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሽቦ) ሆኖ ሲጠብቅህ ትደውልልኛለህ።

መካኒኩ፦ ለአንተ? በሌሊት?

ባለ ቴስተሩ፦ ወሬውን ተዉት። ሊፈትሽ የመጣው ሰውዬ ዋናውን ቦርድ አየ፣ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ደህና ነው» ብሎ ሄደ። 60204-1 ግን ኤርዙ ሳይቋረጥ መያያዙን ለካ፣ በ500 ቮልት ዲሲ ኢንሱሌሽኑ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም መሆኑን አረጋግጥ ይላል። ሰውዬው ሜገር (ኢንሱሌሽን መለኪያውን) እንኳ አልያዘም።

የቃሊቲው፦ እኔ ነኝ የላክሁት?

ባለ ቴስተሩ፦ እሱም እንዳንተ ከብሬከር በኋላ አያገባኝም ብሎ ነዋ!

የቃሊቲው፦ አያገባኝም አላልኩም። የአምራቹ ጉዳይ ነው አልኩ። ማንበብ ነው።

መካኒኩ፦ ይልቅ ያ አረንጓዴ ሽቦ ምን ሆነ?

ባለ ቴስተሩ፦ ሁለቱንም ጫፍ ጥቁር ቴፕ ጠቀለልኩበት።

የቃሊቲው፦ በየትኛው ኮድ?