በጋለሪ ግድግዳ ላይ በከሰል መሳል፦ ምክር ፍለጋ

ጥያቄ፦ የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ነኝ። ፒያሳ በሚገኝ አንድ ጋለሪ ግድግዳ ላይ በቀጥታ በከሰል እንድስል ተጋብዣለሁ። ሥራው ለዐውደ ርእዩ ብቻ የሚቆይ ቢሆንም፣ የክረምቱ እርጥበት እንዳያበላሸውና የተመልካች ልብስ በነካው ቁጥር እንዳይረግፍ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ግድግዳው የሚያንጸባርቅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ከሰል አይይዝምና አስቀድመው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። በአካባቢው ያሉ የጭቃና የኖራ ግድግዳዎች እርጥበትን ከመሠረታቸው ስለሚስቡ፣ ሥዕሉን ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ይጀምሩ።

ሌላ መልስ፦ በበኩሌ ስለ መቆየቱ ብዙ አይጨነቁ እላለሁ። እርሱም ቅርጻ ቅርጽ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሶል ለዊት፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን የግድግዳ ንድፉን በእርሳስ ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ከሠራቸው ብዙዎቹ ትርኢቱ ሲያበቃ በቀለም ቢሸፈኑም፣ በጽሑፍ በተቀመጠው መመሪያ መሠረት በሌላ ግድግዳ ላይ እንደገና ይሠራሉ። እርስዎም ልኩንና የመስመሮቹን ቅደም ተከተል መዝግበው ያስቀምጡ። ደግሞ ከመስኮት በጎን የሚገባው ብርሃን የግንበኛውን የማለስለሻ ዱካ ያወጣዋል፤ ለቅርጽ ባለሙያ ዓይን ይህ ሀብት ነውና አይድፈኑት።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ነገ በእጄ ዳስሼ እርጥበቱን አረጋግጣለሁ።