ወረቀቱ ላይ «ቪ64.1» ይላል፣ ምን ማለት ነው?

ቀያሹ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ወዲያ ድንጋይ ማውጫ ውስጥ ገልባጭ መኪና ጋቢና ላይ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌር አይደለሁም፤ ቦታ ልለካ ነው የገባሁት። አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ኩርባው ላይ ድንጋይ የጫነ ሌላ ገልባጭ ከፊት ለፊት ገጨን። እኛ ባዶ ነበርን፤ ፍጥነታችንም ሰው ሲሮጥ ያህል ቢሆን ነው። የኔ ወንበር ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው።

የዛኑ ዕለት አንገቴን ራጅ አንስተው «ስብራት የለም» ብለው ማስታገሻ ሰጡኝ። አሁን ጥያቄዬ ሁለት ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤስ13.4» እና «ቪ64.1» ተጽፏል፤ በሽታ ነው እንዴ? አንገቴስ የዛን ቀን ትንሽ ብቻ ነበር የሚያመኝ፣ በማግስቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ይሄ ጤና ነው? እግረ መንገዴን፣ ከእምብርቴ በታች ሁለት ጣት የሚሆን ሰማያዊ መስመር አለ፤ ምግብም አላስገባ ብሎኛል። እሱ እንኳ ከድንጋጤው ይሆናል።

መዝገብ ቤት፦
አይዞህ፣ ቪው በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም ኮድ ነው። ኤስ13.4 የጉዳቱ ስም ነው፦ የአንገት ጅማት መወጠር። ቪ64.1 ደግሞ እንዴት እንደተጎዳህ ነው የሚናገረው። ከቪ60 እስከ ቪ69 ያለው ከባድ መኪና ላይ ለነበረ ሰው ነው። 4ቷ የተጋጨው ሌላ ከባድ መኪና ወይም አውቶቡስ መሆኑን ታሳያለች። ከነጥቡ በኋላ ያለችው 1 «ተሳፋሪ፣ ከሕዝብ መንገድ ውጭ» ማለት ነው። ሾፌሩ ቢሆን 0፣ አንተው አውራ ጎዳና ላይ ብትሆን 6 ይጻፍ ነበር። ቦታውን ካልተናገርክ እንደ መንገድ አደጋ ነው የሚያዘው፤ ስለተናገርክ ጥሩ አደረግክ። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ከጠየቅክ ይጠቅምሃል።

የድሮ ሾፌር፦
ወንድሜ፣ በፍጥነቱ አትሸወድ። ባዶ መኪና ከጫነ ጋር ሲጋጭ ወደ ኋላ የሚወረወረው ባዶው ነው፤ ውስጡ ያለ ሰውም አብሮ ይናጣል። አንገት በማግስቱ መድረቁ የተለመደ ነው። እጅህን ወይ እግርህን ከደነዘዘህ ግን ዝም አትበል። ጉልበትህስ ዳሽቦርዱን መትቷል? ጉልበት ሲመታ ዳሌ ሊወልቅ እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

ነርሷ፦
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም አንገቱ ላይ ናችሁ፤ እኔን ያስደነገጠኝ «እግረ መንገዴን» ያለው ነው። ወንድሜ፣ የወገብ ቀበቶ ብቻ ሲሆን ሰውነት ለሁለት ይታጠፋል። ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ላይ ወደ ላይ ከተንሸራተተ አንጀትን ከአከርካሪ ጋር ይጨምቀዋል። አንጀት ደግሞ ሲቀደድ ሁልጊዜ ወዲያው አይጮህም። ቀስ እያለ ያፈሳል፤ ሕመሙ በሰዓታት ወይም በቀናት ሊመጣ ይችላል። ማስታገሻውም ይሸፍነዋል። ሆድህ ተነፍቷል? ስታስል ያምሃል? ወገብህስ?

ጎማው፦
ኧረ አታስፈራሩት። እኔም ቀበቶ አጥቁሮኝ በሳምንቱ ጠፍቷል።

ነርሷ፦
እሰየው፣ የብዙ ሰው ቆዳ ላይ ብቻ ይቀራል። ግን ምግብ እምቢ ካለ ሆድ ጋር ሲመጣ ቁማር ነው።

ቀያሹ፦
ስታስል ስትይኝ ሞከርኩ፣ ወጋኝ። ሆዴም ጠንከር ብሏል።

ነርሷ፦
አሁኑኑ ሂድ። ራስህ አትንዳ። ምንም አትብላ፣ አትጠጣ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። እዛ ስትደርስ ልብስህን ገልጠህ መስመሩን አሳያቸው፣ «የወገብ ቀበቶ ብቻ ነበር» በላቸው። አልትራሳውንድ ንጹሕ ቢልም የአንጀት ቀዳዳ ሊያመልጠው ስለሚችል ስለ ሲቲ ስካን ጠይቃቸው። የታችኛውን አከርካሪም ይዩልህ።

ቀያሹ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ትንሹ አንጀት ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ሰፉት። አከርካሪዬ ደህና ነው። ትናንት ሾርባ ጀመርኩ። ነርሷ፣ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ወንድሜ «ቀበቶ ባታስር ይሻል ነበር» ይለኛል፤ እውነት ነው?

የድሮ ሾፌር፦
ባታስር መስታወቱን በግንባርህ ትከፍተው ነበር። መኪናው ቢገለበጥ ደግሞ ከጋቢና የተወረወረ ሰው የሚያርፈው መኪናው የሚወድቅበት ላይ ነው። ጥፋቱ መታሰርህ አይደለም። ሲሻልህ የትከሻ ቀበቶ ያለው ወንበር ጠይቅ። የወገቡን ከሆድህ አውርደህ ዳሌህ አጥንት ላይ ጠበቅ አድርገው።

ጎማው፦
ቃሌን አንስቻለሁ። ቶሎ ዳን።