ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ደፈረሰ፤ እያጋነንኩ ነው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የቆየ የአፈር ግድብ ላይ በክትትል ሥራ ከተመደብኩ ስምንት ወሬ ነው። ግርጌው ላይ ስርገቱን የምንለካበት ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ መለኪያ አለ። ከመጣሁ ጀምሮ የውሃው ከፍታ 5 ሳንቲሜትር ላይ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ ትናንት 8 ገባ። ለአለቃዬ ስነግራቸው «ሦስት ሳንቲ ምን አላት?» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን ውሃው ደፍርሶ ጠበቀኝ። ሁሌ ቁልጭ ብሎ የሚታየው የመለኪያው ወለል ጠፍቷል። ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ አሸዋ የምትተፋ ትንሽ ምንጭ አለች፤ ባለፈው ሳምንት አልነበረችም። ባልደረባዬ «በሲሚንቶ እንድፈናት» ይላል። በጠርሙስ ቀድቼ ቢሮ አስቀምጫለሁ። ምን ላድርግ?

የድሮ አፈር፦
እህቴ፣ ምንም አላጋነንሽም። በዚያ መለኪያ ፍሰቱ የሚያድገው በከፍታው 2.5 ኃይል ነው። 5 ሳንቲ ማለት በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ነው፤ 8 ሳንቲ 2.5 ሊትር። ከሦስት እጥፍ በላይ! አለቃሽ ሳንቲውን አይተው ሊትሩን ረሱት።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀለሙ ነው። ንጹሕ ስርገት በልክ ከሆነ ግድቡ ለዓመታት አብሮት ይኖራል። ድፍርሱ የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው። አሜሪካ፣ አይዳሆ የነበረው የቲተን ግድብ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት ድፍርስ ውሃ ታየበት፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ፈረሰ። ቀዳዳውን አፈር ሊያለብሱ የገቡ ሁለት ቡልዶዘሮችም እዚያው ተዋጡ። 11 ሰው ሞተ።

ሲሚንቶውን እርሺው። መውጫ ያጣ ውሃ በሌላ በኩል ይፈነዳል። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር፦ ከሥር አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ይጫንበት። ሐይቁም ዛሬውኑ መቀነስ አለበት። ፍጥነቱን የግድቡን ዲዛይን የሚያውቅ መሐንዲስ ይወስን፤ በሐይቁ በኩል ያለው ውሃ የጠጣ ተዳፋት፣ ደግፎት የነበረው የሐይቁ ውሃ ድንገት ሲሸሽበት ይንሸራተታል። በግድቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት የሚለኩትን ፒዞሜትሮችም ዛሬ አንብቢ። ማታም ሰው ይደርበት።

ሌሊት ተረኛ፦
የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ከመደርደሪያ አውርጂና ስልኮቹን አሁኑኑ ደውለሽ ሞክሪ። እኛ ጋ በልምምድ ቀን ከ14 ቁጥር 5ቱ አልሠሩም። አንዱን ያነሳችው ጡረታ የወጣ ሰው ባለቤት ናት፤ ሴትዮዋ ተኝታ ነበር፣ ክፉኛ ተቆጣችን። ደግሞ የሐይቁ ውሃ መልቀቂያ በር ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ እወቂ። የእኛው ለዕረፍት የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ ተገኘ!

ከታች ያሉት ሰዎች ይውጡ ብሎ የሚያዘው ማን ነው? ስሙ ካልተጻፈ ሁሉም አለቃውን ይጠብቃል።

ጀማሪዋ፦
ተመለስኩ። ጠርሙሱ ሥር ጥፍር የሚያህል ውፍረት ያለው ደለል ተኝቷል። አለቃዬ አንስተው ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ምንም አላሉም፤ ስልክ አነሱ። መልቀቂያው ከ9 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ የመጀመሪያው የአሸዋ መኪናም አሁን ደረሰ።