የከባድ መኪና ኤቢኤስ የሚሠራ ጋራዥ ጠቁሙኝ፤ አዲስ አበባ ወይም አዳማ

ባለ ተሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሲኖትራክ ከነተሳቢው አለኝ፣ የሚሠራው ጅቡቲ መስመር ነው። የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም፣ መብራት አልጠፋ ብሏል። ፍሬኑ ይይዛል፤ ሹፌሩ ግን አስፋልቱ ሲረጥብ ጠንከር አድርጎ ከረገጠ የኋላ ጎማ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል ይላል። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ። ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ በኮምፒውተር መርምሮ ችግሩ የቱ ጎማ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ ጋራዥ የት አለ? ሁለተኛ፣ የጎማውን መዞር የሚያነበውን ሴንሰር መግዛት ካለብኝ ዋብኮ ይሻላል ወይስ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው የቻይናው?

የቃሊቲ ልጅ፦
ቃሊቲ ጋሼ ጋ ውሰደው። ማንንም ብትጠይቅ ግቢውን ያሳይሃል። አባቴም እኔም ሌላ ቦታ አሠርተን አናውቅም። እጃቸው ወርቅ ነው።

ሎግያ፦
ጋሼ ለሞተርና ለካምቢዮ ወደር የላቸውም፣ እኔም አሠርቻለሁ። ይሄ ግን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። መመርመሪያ አላቸው?

የቃሊቲ ልጅ፦
መመርመሪያ ምን ያደርግላቸዋል? ድምፁን ሰምተው ይነግሩሃል።

ሎግያ፦
የተበጠሰ ሽቦ ድምፅ ማውጣት ጀመረ? በል እንግዲህ ጆሯቸውን ጎማው ላይ ያስጠጉለት።

ባለ ቦቴ፦
ወንድሜ፣ የትም ከመሄድህ በፊት የኔን ስማ። ያንተው ዓይነት መብራት በርቶብኝ አንድ ጋራዥ አስገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። ኮንትሮል ዩኒቱ (የኤቢኤሱ ኮምፒውተር) ተቃጥሏል አሉኝ። ገንዘቡን ተበድሬ ከፈልኩ። መኪናውን ሲያስረክቡኝ መብራቱ የለም፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዚያ መንገድ ላይ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ ቁልፉን ከፈተና “ይሄ መብራት እኮ ጭራሽ አይበራም” አለኝ። ዳሽቦርዱን ስንፈታው አምፖሉ የለም! ነቅለው ነው የሰጡኝ። ኮንትሮል ዩኒቱም የድሮው ራሱ ነበር፣ አቧራው እንኳን አልተነካም። ነዳጅ ጭኜ ነው በዚያ ፍሬን የሄድኩት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አዳሜ፦
ስሙን ጥራው እንጂ! ሌላውም ሰው ይጠንቀቅ።

ባለ ቦቴ፦
ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ በምን አስረዳለሁ? ይልቅ እናንተ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ።

ሚሌ 05፦
እኔም ፍሬን ሸራ ቀየርን ብለው አሮጌውን መልሰው ገጥመውልኝ ያውቃሉ። ዘንድሮ ማንን ታምናለህ።

አዳሜ፦
ለቦሎ ምርመራ ሲሉ አምፖል የሚያስነቅሉ ባለንብረቶችም አሉ፣ ሁሉንም መካኒክ ላይ አናላክ።

የጣርማ በር ሰው፦
ስለ ጋራዥ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ዋናው ሹፌሩ ነው። ጣርማ በርን ወይም ዓባይ በረሃን በከባድ ማርሽ ሳይሆን ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሹፌር ኤቢኤስ አያድነውም። ታምቡሩ ሲግል ሸራው መያዝ ያቆማል፣ በቃ። ኤቢኤስ ጎማ እንዳይቆለፍ ነው እንጂ የጋለ ፍሬን አያቀዘቅዝም። የሞተር ፍሬንህን አሠራ።

ባለ ተሳቢ፦
ልክ ነህ፣ ግን የሞተር ፍሬኑ ይሠራል። የጠየቅሁት ስለ መብራቱ ነበር።

አውቶ ኤሌክትሪክ፦
ባለ ተሳቢ፣ ምንም ሳትገዛ እነዚህን አስፈትሽ። መጀመሪያ የበራው የዋናው መኪና ነው ወይስ የተሳቢው? ብዙ ጊዜ መብራቱ ለየብቻ ነው። የተሳቢው ከሆነ ገመዱን እይ፤ አምስት ወይም ሰባት ፒን ያለው የኤቢኤስ ገመድ ከኋላ መብራት ገመድ ለብቻው ነው። ረዳቱ ሳይሰካው ተንጠልጥሎ የሚሄድ ብዙ አይቻለሁ።

የዋናው መኪና ከሆነ ደግሞ በቅርቡ ሸራ ወይም ኩሽኔታ ተቀይሮ ነበር? ሴንሰሩ የተያዘው በብሎን አይደለም፣ በክሊፕ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። ጎማው ሲፈታና ሲገጠም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ባለ ጥርስ ቀለበት ሲርቅ ምልክት አይሰጥም። ቀለበቱን እስኪነካ በእጅ ግፋው። መዶሻ እንዳታስነካ። ጎማው ሲዞር የሚያስፈልገውን ክፍተት ራሱ ያገኛል። ኩሽኔታው የላላ ከሆነ ግን መልሶ ይገፋዋል፣ መብራቱም ተመልሶ ይበራል፤ ያኔ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም።

ለመለካት ጎማውን በክሪክ አንሳ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ጎማውን በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ያህል በእጅ አዙር። ቢያንስ 0.2 ቮልት መስጠት አለበት። ኦሙ በብዙዎቹ ከ900 እስከ 2,000 ውስጥ ነው፤ መስመሩ ክፍት ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ይሄንን የሚሠራ አውቶ ኤሌክትሪሺያን ሳሪስም ቃሊቲም አዳማም ታገኛለህ፣ ሳይለካ “ቀይር” የሚልህን ብቻ ተወው። ከተሠራ በኋላም መኪናው እንደቆመ መብራቱ ላይጠፋ ይችላል። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ነው አንዳንዱ የሚጠፋው፣ ነድተህ እይ።

ሎግያ፦
እግዜር ይስጥህ፣ እኔም ተማርኩ። በሴንሰሩ ምርጫ ምን ትላለህ?

አውቶ ኤሌክትሪክ፦
አቅም ካለ ዋብኮ። ዋብኮ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜድኤፍ የሚባለው ኩባንያ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ያንን ስም ብታዩ አትደንግጡ። የቻይናውም ይሠራል፣ ችግሩ ሽቦው ቶሎ ይደርቅና ጎማው ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሽቦው ርዝመትና ጫፉ ቀጥ ያለ ወይም የታጠፈ መሆኑ መመሳሰል አለበት። ክሊፑንም አብራችሁ ግዙ፣ በላላ ክሊፕ አዲስ ሴንሰር አይቆምም።

ሶማሌ ተራ ነኝ፦
የቻይናው ይሰነጠቃል የሚለው አልተዋጠልኝም። ከኔ ወስዶ የመለሰ ሰው የለም።

አውቶ ኤሌክትሪክ፦
ወንድሜ፣ አንተ የምትሸጠው ነው፣ እኔ የምፈታው።

ባለ አይሱዙ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ኤፍኤስአር ከነፋሱ ጋን ውሃና ዘይት ያወጣል። ኤቢኤሱን ይጎዳዋል?

አውቶ ኤሌክትሪክ፦
አዎ፣ ነፋሱ የሚያልፍባቸውን ቫልቮች ያበላሻል። የአየር ማድረቂያው ፊልትሮ አልቆ ይሆናል፣ ዘይት ከመጣ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን አስይ። ጋኑን ቶሎ ቶሎ አፍስስ።

ባለ ተሳቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ገመዱን ለሹፌሩ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ መኪናው ገና ጋላፊ ነው። የቃሊቲ ልጅ፣ ጋሼ እሁድ ይሠራሉ?

የቃሊቲ ልጅ፦
ከቅዳሴ በኋላ ይከፍታሉ። የኔን ስም ጥራላቸው።