«ራሷን ትወዳለች» ስድብ ነው ምርቃት?

የደሴዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አባባል ከንክኖኛል። እናቴን ማስታመም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እህቴን ተኪኝ ብዬ፣ ስልኬን አጥፍቼ እስከ ስድስት ሰዓት ተኛሁ። ማታ ቡና ላይ አክስቴ ለጎረቤቶቻችን «እሷ እኮ ራሷን ትወዳለች» አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። እኔ ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ምን ማለቷ ነው? ደግሞስ ራስን መውደድ ነውር ከሆነ፣ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ውስጥ «እንደ ራስህ» ምን ይሠራል?

ቃል ለቃል፦ ስድብ ነው እህቴ፣ አይዞሽ። ልብ በይ፦ ራሱን ቻለ፣ ራሱን ገዛ፣ ራሱን ጠበቀ፣ ሁሉም ምስጋና ናቸው። ራስን መግዛትማ ገላትያ 5 ላይ የመንፈስ ፍሬ ሆኖ ተቆጥሯል። «ራሱን ወደደ» ላይ ስንደርስ ብቻ ነገር ይበላሻል። «ራስ ወዳድ» የሚለው ቃል ጥላውን ጥሎበት ነው።

ዘዋሸራ፦ ከሥሩ እንጀምር። ግእዙ «አፍቅር ቢጸከ ከመ ነፍስከ» ነው የሚለው። ራስ የሚባል ነገር የለበትም። ነፍስና ነፋስ ደግሞ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንዲያውም «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት ጥንት «ከራስ በላይ ነፍስ» ነበር ባይ ነኝ። አንዲት ፊደል ስትለወጥ ምክሩ ተገለበጠ።

ቃል ለቃል፦ መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ተረቱ እንዳለ ትርጉም ይሰጣል፤ ከራስ ቅል በላይ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ደግሞ ግእዝ «ራሱን» ለማለት በነፍስም በርእስም ይጠቀማል። የእኛ «ራስ» የርእስ ልጅ ነው። ተርጓሚው አልተሳሳተም።

ዘዋሸራ፦ ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቅኔ ቆጥሬያለሁ። ተሳስቷል አላልኩም። «ነፍስከ» ሲባል የሚሰማኝን «ራስህ» አያሰማኝም ነው ያልኩት። ነፍስ አደራ ናት፤ ሰጪ አላት። አደራውን የሚንከባከብ ሰው ስስታም አይባልም።

የሐዋሳው፦ ጳውሎስንም እናንብብ እንጂ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 3 ላይ በመጨረሻው ዘመን የሚመጡትን ሲዘረዝር በ«ራሳቸውን የሚወዱ» ነው የሚጀምረው። ጌታም «ራሱን ይካድ» ብሏል። ስለዚህ የአክስትሽን ወቀሳ ቀለል አድርጌ አላየውም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ያንኑ ዝርዝር እስከ ቁጥር 4 ውረድ። «ከእግዚአብሔር ይልቅ ተድላን የሚወዱ» ይላል። በሽታው «ይልቅ» ላይ ነው። የባልንጀራው ትእዛዝ ያለው «እንደ» ነው። ያው ጳውሎስ ኤፌሶን 5፥29 ላይ የገዛ ሥጋውን የሚጠላ ከቶ የለም፣ ይመግበዋል ይከባከበዋል ይላል፤ ያለ ወቀሳ።

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። አስታማሚዎችን በየቀኑ አያለሁ። አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፋ የምታድር አለች። የታማሚውን ትራስ ታቃናለች፤ የራሷ እግር ጫማ እስኪጠባት አብጧል። ምሳዋን ለጎን አልጋ ትሰጣለች። ሰው አይቷት «ራሷን ጥላለች» ይላል፤ ከንፈር እየመጠጠ። ይህ አባባል በምስጋና ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ራስን መጣል የሚያሳዝን ከሆነ፣ ማንሳቱ እንዴት ኃጢአት ይሆናል? ራስን መካድ መስቀል ለመሸከም ነው። የደከመ ትከሻ ደግሞ ማረፍ አለበት።

የሐዋሳው፦ «ይልቅ» እና «እንደ» ያልሽው ገብቶኛል። እዚያ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። «ራስን መውደድ» የሚለውን ቃል ግን አሁንም እፈራዋለሁ። ዛሬ ዛሬ ሰው ዘመድ ላለመጠየቅም ይጠቅሰዋል።

ሰዋስው ወዳድ፦ ባልንጀራን ረሳችሁት! ባለ እንጀራ ማለት እኮ ነው። እንጀራ አብሮህ የሚቆርስ። ትእዛዙ በአማርኛ ገበታ ላይ ቀርቧል። አንድ መሶብ ከበን ስንበላ እኔ እያጎረስኩ ብቻ ጾሜን ባድር፣ ያ ማዕድ አይባልም።

ዘዋሸራ፦ ቆንጆ ነው፤ ግን ግእዙ «ቢጽ» ነው፣ ጓደኛ። እንጀራ የለበትም።

ሰዋስው ወዳድ፦ የለበትም፤ እናቶቻችን ግን ቃሉን የተማሩት በአማርኛው ነው። ጆሯቸው ውስጥ ያለው እንጀራ ነው።

ቃል ለቃል፦ ትሕትናንም አብረን ብናየው? ሥሩ ዝቅ ማለት ነው። ራሱን የሚጠላ ሰው ግን ዝቅ አላለም፤ ጎብጧል።

ዘዋሸራ፦ ይህን እቀበላለሁ።

የደሴዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም አነበብኩት። ነርሷ የጻፈችው አስለቀሰኝ፤ ካርቶኑን አውቀዋለሁ። ትናንት ማታ አክስቴ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ መጣች። ለእናቴ መስሎኝ ኩባያ ላመጣ ስነሳ «ተቀመጪ፣ ላንቺ ነው» አለችኝ። እስክጨርስ ድረስ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ቅዳሜው ግን ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋት። ስድብ ይሁን ምርቃት አሁንም አላወቅሁም።

ዘዋሸራ፦ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ ልጄ። የ«ከመ»ን፣ የግእዙን «እንደ» ነገር ግን ገና አልነካነውም። ልክን ነው የሚያሳየው ወይስ አኳኋንን? ነገ እመለስበታለሁ።