ደብረ ማርቆስ፣ 12 ካሬ ሜትር ጓሮ፣ ቀይ አፈር፦ ከየትኛው አትክልት ልጀምር?

ጠያቂ (የማርቆስ ጓሮ)
እንዴት ሰነበታችሁ? ደብረ ማርቆስ ነኝ። ከቤቱ ጀርባ 3 በ4 ሜትር የሚሆን ቦታ አለኝ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲደርቅ ላዩ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። በአንድ በኩል የባሕር ዛፍ አጥር አለ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ በርሜል ላይ አጠራቅማለሁ። ጥቅምት ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ልዘራ አስቤያለሁ፤ ከዚህ በፊት ግን ምንም ተክዬ አላውቅም። ሴት ልጅ ብቻዋን የምትችለው ሥራ ነው? መደቡስ እንዴት ይሠራ?

ዳሞት
እህቴ፣ ብቻሽን በደንብ ትችይዋለሽ፤ 12ቱን ካሬ ሜትር ግን ባንዴ አትቆፍሪው። ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ይበቃል። ስፋቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት። መደብ ላይ አይቆምም። የተረገጠ ቀይ አፈር ውሃም አየርም አያስገባም።

ዶማ ከማንሳትሽ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጪና በጣትሽ ንኪው። ከተፈረፈረ ቆፍሪ። እንደ ሊጥ ከተለወሰ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ፤ ጭቃ ሆኖ የተቆፈረ አፈር ሲደርቅ ጓል ይሆናል፣ ያ ጓል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያስቸግርሻል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በካሬ ሜትር ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር ጋር አዋህጂ። የበሰለ ፍግ ጠቁሮ እንደ ደረቀ የቡና አተላ ይፈረፈራል፣ ሽታውም የጫካ አፈር ሽታ ነው። እጅሽን ስትከቺበት የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው፤ ሥር ያቃጥላል።

የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ባብዛኛው አሲዳማ ነው፣ ቆስጣ ደግሞ አሲዳማ አፈር ላይ ይቀጭጫል። ፍጉን ከመጨመርሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ የተነፋ የማገዶ አመድ በካሬ ሜትር አንድ ብርጭቆ ነስንሺና ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪ። የፕላስቲክ ወይም የቆሻሻ አመድ አይሆንም። ድንች በሚተከልበት ቦታ ደግሞ አመድ ባይገባ ይሻላል፣ ልጣጩን እከክ የሚያስመስለው በሽታ ይበረታበታል።

በጣም የሚያሳስበኝ ባሕር ዛፉ ነው። ለመደቡ የምታጠጪውን ውሃ ሥሩ መጥቶ ይጠጣዋል። መደቡን ከአጥሩ ተቃራኒ ዳር አድርጊው፤ በመካከል 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠባብ ቦይ አስቆፍረሽ ያገኘሽውን ሥር ሁሉ ቁረጪ። ሥሩ ተመልሶ ስለሚያድግ በየዓመቱ ይደገማል።

ከጮቄ ሥር
ዳሞት ስለ አፈሩ ያለውን ሁሉ እስማማበታለሁ። እኔ ስለ ዘሩ ልጨምር።

ቲማቲሙን ለጊዜው ተይው። ማርቆስ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውርጭም ያጠቃል፤ ቲማቲም በብርድ አበባውን ያራግፋል፣ ውርጭ ካገኘው ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ክረምት ላይ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ በእርጥበቱ ይጨርሰዋል። ጥር ላይ ችግኙን ቤት ውስጥ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አፍዪ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ አውጥተሽ ትከዪ፤ ዝናቡ ሳይጠና ግንቦት ላይ ትለቅሚያለሽ።

ቆስጣ፦ ዘሩን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ዝሪ። አንዷ ፍሬ የብዙ ዘር ድብልቅ ስለሆነች ሁለት ሦስት ቡቃያ ታወጣለች፤ ጠንካራውን አስቀርተሽ ሌላውን በመቀስ ቁረጪ፤ ብትነቅዪው የጎረቤቱን ሥር ያናጋል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የውጭ ውጭውን ቅጠል እየቆረጥሽ መሃል ላይ አራት አምስት ቅጠል ከተውሽ ለወራት ይመግብሻል።

ሰላጣ፦ ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አፈር ካለበሽው አይወጣም። አንድ ፓኬት ሙሉ ባንዴ አትዝሪ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አጭር መስመር ይበቃል።

ካሮት ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በችግኝ አይዛወርም፣ ቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል፤ ዘንድሮ ፍግ ያገኘ ቦታ ላይ ከተዘራ ሥሩ ይሰነጠቃል፣ ጣት ጣት ያወጣል። ስለዚህ ከመደቡ አንዱን ጫፍ ያለ ፍግ ተይለት። ዘሩ እስኪበቅል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ መሃል የአንቺ ዓይነት አፈር ላዩ ደርቆ ከጠነከረ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር አውጪ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀሽ ዝሪ፣ የምታለብሺው ግን ቀዩን አፈር ሳይሆን የተነፋ አሸዋ ይሁን። ከላዩ እርጥብ ጆንያ ጣዪበት፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ክር እንደታየ ጆንያውን በዚያው ቀን አንሺ። በኋላ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ብቻ አስቀሪ።

ጣና ዳር
የቲማቲሙ ምክር ለማርቆስ ልክ ነው። ይህን የምታነቡ የባሕር ዳርና የፍኖተ ሰላም ሰዎች ግን አትቀበሉት፤ እዚህ ታች ብርዱ ያን ያህል ስላልሆነ ውሃ ካለ በበጋ ይለመልማል።

ለጠያቂዋ፦ በበጋ መደብ በቀን በካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል። ለ4 ካሬ ሜትር መደብሽ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ቡቃያው ከጠነከረ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ ካደረግሽ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል። ጭዱ ግንዱን አይንካ፣ ያበሰብሰዋል። ጠዋት አጠጪ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጉዝጓዝ አይሆንም።

እኔ ብሆን ሀበሻ ጎመንም እጨምር ነበር፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ። ጀማሪን እንደ እሱ የሚታገሥ የለም።

ጠያቂ (የማርቆስ ጓሮ)፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም እንዳላችሁት አደረግሁ። ሰላጣው በቅሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አራት ሰላጣ ከአፈሩ ጥግ ተቆርጦ ወድቆ አገኘሁ፤ ቅጠሉ ግን አልተበላም። ጎመኑ ላይ ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ግራጫ ነገር ተጠቅጥቋል።

ዳሞት
ሰላጣውን የቆረጠው ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይቆርጣል፣ ቀን እዚያው አጠገብ አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። ከወደቀው ሰላጣ ዙሪያ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በጣትሽ ፈትሺ፤ ወፈር ያለ፣ ሲነካ ክብ የሚሠራ ግራጫ ትል ታገኛለሽ። ካላወጣሽው ነገ ማታ የሚቀጥለውን ይቆርጣል። ለቀሩት የሃይላንድ ላስቲክ እንደ ቀለበት ቆርጠሽ አልብሺ፤ 3 ሴንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ፣ 5ቱ ከላይ።

ጎመኑ ላይ ያለው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። በጣም የተያዘውን ቅጠል ቆርጠሽ ከጓሮው አውጪው። ለቀረው አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ2 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ቅጠሉን ገልብጠሽ ከሥር ርጪ። ሳሙናው ያልነካው አይሞትም፣ ላዩን ብቻ መርጨት ድካም ነው። በአምስተኛው ቀን ድገሚና ከመቁረጥሽ በፊት በንጹሕ ውሃ እጠቢው። ትንንሽ ቀይ ጥንዚዛ ነጠብጣብ ያለበት ካየሽ እንዳትነኪው፣ ክሽክሹን የሚበላልሽ እሱ ነው።

የወደቀው አራቱ ቦታ ላይ ዛሬውኑ ሰላጣ መልሰሽ ዝሪ። ማታ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ከሌለ ውርጭ ይመጣል፤ ጆንያውን በእንጨት ደግፈሽ አልብሺና ፀሐይ ሞቅ ስትል አንሺው።